የአኮ አሸዋ

ቬኒስን አላየሁም። ቲኬቱ ውድ ነው፣ የዓመት ፈቃዴም ያጥራል፤
ግን አንድ እግሯ እዚህ፣ ከጫማዬ ሥር፣ ከድንጋዩ ጋር ተቀብሯል።

አኮ ላይ ዘበኛ ነኝ፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ንጋት
ከከተማ ሥር ያለች ከተማ እጠብቃለሁ በባትሪ መብራት፤
ቀን ቀን ጎብኚ ሰቅል ከፍሎ የሚገባባት፣
ሌሊት እኔና አይጦች በነጻ የምናድርባት።

ዙሄር ባለጀልባው፣ ዓሣ እምቢ ያለው ዕለት ያስጎበኛል፦
«ይሄ የፒዛ ሰዎች ወደብ፣ ያ የጄኖቫ ሰፈር» ይላል፤
«እዚያ ደግሞ ቬኒስ። ለአንድ ገዳም ሲሉ ተባልተው
ጎረቤት በጎረቤት ላይ ድንጋይ ወርውረው ወርውረው!
ሁሉም ነጋዴ ነበር፣ ሁሉም መስቀል አንጠልጥሎ፤
ግን ከመስቀሉ አስቀድሞ ሚዛኑን ሰቅሎ።»

ከሲግድ ማግስት፣ በሩን ልዘጋ ስል
አንድ ሽማግሌ መጣ፤ ጣቶቹ ጠባሳ፣ ጸጉሩ እንደ ጥጥ ፍትል።
ስሙ ባስቲያኖ። የጋራ ቋንቋ አልነበረንም፤
ጎንደር ጋራዥ ረዳት ሳለሁ ከለመድኩት ቃል በቀር፦
ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ።
«ፎርኖ» አለ፣ ደረቱን እየነካ። ዳቦ ጋጋሪ መስሎኝ
ከምሳ ዕቃዬ ፉርኖ ቆርሼ ሰጠሁት፤ ሳቀና በላልኝ።
ኋላ ጉንጩን ነፋ፣ በባዶ አየር ላይ ብርሌ ሠራ፤
ያኔ ገባኝ፤ መስታወት ነፊ ነው፣ እሳት ነው የእሱ እንጀራ።

ስልኩ እየተረጎመ፣ የአገሩን ገመና አጫወተኝ፦
«በጨው ተነሣን፣ በቁንዶ በርበሬ ከበርን፣ በመስታወት አጌጥን፤
ዛሬ የምንሸጠው ራሳችንን ነው፣ ደጃችን ላይ ቆመን።
ሻንጣ ጎታቹ አእላፍ፣ ነዋሪው እፍኝ፤
ልጄም ቤቱን ለእንግዳ አከራይቶ ወደ የብስ ተሻገረብኝ።
ቢሆንም ና። በጥር ና፣ ጭጋጉ ሲወርድ፣
ጀልባው ሳይታይ ደወል ብቻ በውሃው ላይ ሲራመድ።»

ከቦርሳው ባዶ የላስቲክ ጠርሙስ አወጣ።
ድሮ መርከቦቻቸው ከናዕማን ወንዝ አፍ
አሸዋ ይጭኑ ነበር አሉ፤ ለዚያ ነው የመጣ።

አኮ በወደቀችበት ዓመት፣ እዚህ ቤቱ ሁሉ ሲነድ፣
እዚያ የእሳት ሠራተኞችን ሰብስበው በግድ
ሙራኖ ደሴት አሰፈሯቸው፣ «ከተማ ታቃጥላላችሁ» ብለው፤
ክብር አልነፈጓቸውም፤ መውጫውን ነው የዘጉት፣ ምስጢሩ እንዳይሄድ ፈርተው።

ዝም አልኩ።
አባቴ ወናፍ የነፋ ነው፣ ማረሻ የቀጠቀጠ፤
ደንበኛው ቀን ማረሻውን ወስዶ ማታ «ቡዳ» ብሎ የሮጠ።
እኛም ደሴት ነበረን፣ ውሃ የሌላት፣ ከመንደር ዳር፤
እሳታችንን የሚሻ፣ እጃችንን የማይነካ አገር።

«ጌቶ» የሚባለው ቃል ከቬኒስ ነው አለኝ፤
መጀመሪያ የብረት ማቅለጫ፣ ኋላ የአይሁድ ሰፈር፣ ማታ በሩ የሚዘጋ።
ብረትና አይሁድ በአንድ ቃል! አባቴ ይህን ሳይሰማ አረፈ።
በእጄ መዶሻ ሠራሁለት፣ ወናፍ ሠራሁለት።
እጁን ዘረጋ። የአንጓዬን ጠባሳ ከእሱ ጠባሳ ጎን አኖርኩት።

ሲነጋ በእኔው መኪና ወንዙ አፍ ወረድን፤
ፋብሪካ፣ ሐዲድ፣ የተጣለ መረብ። ቅርፊት እየለቀምን
ጠርሙሱን ሞላን። ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አኖረ።
«ቦኖ!» አለ። እኔ ግን የሰፈሬ የውሃ ቧንቧ ታየኝ፣
ሰልፉ፣ እንስራው፣ የሴቶቹ ጠብ፤
ቢሆንም «ቦኖ» አልኩት።

ባቡሩ ደረሰ፣ ተቃቅፈን ተለያየን። ማታ መኪናዬን ስጠርግ
ጠርሙሱን ወንበር ሥር አገኘሁት።
አድራሻ አልተቀባበልንም። ዙሄር «ባሕሩ ላይ መልሰው» ይላል፤
አልነፋሁት፣ አልደፋሁት።

ሌሊት የባሕር ነፋስ የጥበቃ ክፍሌን በር እየደረገመ ያስቸግራል፤
አሁን ጠርሙሱን አስደግፌበታለሁ፤ ክፍቱን ያድራል።